«ዲ» እና «ፉ»፦ የኢጣልያን የዘር ሐረግ ስለ መፈለግ

ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢጣልያዊ እንደ ነበረ ከቤተ ሰቡ የሰማ ሰው፣ በቦነስ አይረስም ይኑር በኒው ዮርክ ወይም በአስመራ፣ ዘሩን መቁጠር ሲጀምር አስቀድሞ ሊያውቃት የሚገባው አገሪቱን ሳይሆን መንደሪቱን ነው፤ ኢጣልያ በ1861 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ መንግሥት እስክትሆን ድረስ በልዩ ልዩ ነገሥታት፣ በመሳፍንትና በሮማው ፓፓ ግዛት ተከፋፍላ ስለ ኖረች፣ ከዚያም በኋላ የሰው ልደቱና ሞቱ የተጻፈው በዋናው ከተማ ሳይሆን ኮሙኔ በሚባለው በየአጥቢያው ማዘጋጃ ቤት ስለ ሆነ። ኮሙኔዎቹ ዛሬ 8,000 ያህል ናቸው። «አያታችን የናፖሊ ሰው ነበሩ» የሚለው የቤተ ሰብ ትረካም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ባሕር የተሻገረው ገበሬ የመንደሩን ስም የሚያውቅለት ሰው ቢያጣ፣ በአቅራቢያው ያለውን የታወቀ ከተማ ወይም በመርከብ የተሳፈረበትን ወደብ ይጠራ ነበርና።

ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ተሰዳጁ ከደረሰበት አገር ነው። ከ1876 እስከ 1915 ድረስ 14 ሚሊዮን ያህል ሰው ከኢጣልያ ሲወጣ፣ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ የሄደው ስሙ በመርከቡ መዝገብ ሠፍሯል፤ ከ1907 ወዲህ ያለውም መዝገብ የትውልድ ስፍራውንና በአገሩ የቀረውን የቅርብ ዘመዱን ስም ይዟል። ስደተኛው ይገባባት በነበረችው በኒው ዮርኳ ኤሊስ ደሴት ሹማምንቱ የእንግዳውን ስም እንደ ፈቀዱ ይለውጡ ነበር የሚባለው ወሬ ግን፣ መዝገቡ የሚሰናዳው በመነሻው ወደብ ስለ ነበር፣ እምነት የሚጣልበት አይደለም፤ ስሙን ብዙ ጊዜ የለወጠው፣ ከገባ በኋላ፣ ባለቤቱ ራሱ ነው።

መንደሪቱ ከታወቀች በኋላ የመዛግብቱ ጥንታዊነት ያስደንቃል። በ1563 የተፈጸመው የትሬንቶ ጉባኤ የየደብሩ ካህን ጥምቀትንና ጋብቻን በመጽሐፍ እንዲጽፍ አዘዘ፤ በ1614 የወጣው የሮማ መጽሐፈ ሥርዓትም የሙታንን መዝገብና «የነፍሳት ሁኔታ» የተባለውን ሌላ መዝገብ ጨመረበት፤ ይህም ካህኑ በፋሲካ ሰሞን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ፣ በአንድ ጣራ ሥር ያሉትን ነፍሳት ከነዕድሜያቸው፣ ማን ንስሐ እንደ ገባና ማን ሥጋ ወደሙን እንደ ተቀበለ፣ በሮማይስጥ ቋንቋ የሚጽፍበት ነው። የመንግሥቱ መዝገብ የመጣው ዘግይቶ ከናፖሌዎን ሕግ ጋር ሲሆን፣ በናፖሊ መንግሥት በ1809፣ በሲሲሊያ በ1820፣ በአዲሱ የኢጣልያ መንግሥት በ1866 ተጀምሯል። ዘመድ ከዘመድ ሲጋባ ከጳጳሱ ዘንድ ፈቃድ ይጠየቅ ስለ ነበረ፣ በየሀገረ ስብከቱ የተቀመጠው የፈቃድ ደብዳቤ የሁለቱን ወገን ትውልድ እስከ አራት ደረጃ ይዘረዝራል፤ ሰባት ቤት በቃሉ የሚቆጥረው የእኛ ሽማግሌ እዚያ ቢገኝ ከጸሐፊው ጋር ሳይግባባ የሚቀር አይመስለኝም።

ከሁሉ ይልቅ የምወደው ግን የጋብቻው መዝገብ አባሪ፣ አሌጋቲ የሚሉት ነው። በደቡብ ኢጣልያ ሊያገባ የሚወድ ወጣት አባቱ ሞቶበት እንደ ሆነ የአባቱን የሞት ወረቀት፣ ፈቃድ የመስጠቱ ሥልጣን ወደ አያቱ ያልፋልና አያቱም ሞቶ እንደ ሆነ የእርሱን ደግሞ ማቅረብ ነበረበት፤ ስለዚህ በ1820 የተፈጸመ የአንድ ድኻ ገበሬ ጋብቻ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የሞተውን አያት ከነመንደሩ ይዞ ይገኛል። ከዚህም ጋር ሁለት ጥቃቅን ቃላትን ልብ ማለት ይገባል። «ጁዜፔ ሮሲ ዲ አንቶኒዮ» ተብሎ ሲጻፍ አባቱ አንቶኒዮ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ «ጁዜፔ ሮሲ ፉ አንቶኒዮ» ሲል ግን አባቱ አርፏል፤ «ፉ» ማለት «ነበረ» ነውና። በ1870 «ዲ»፣ በ1875 «ፉ» ተብሎ ከተገኘ፣ የአባትየው ሞት የሚፈለገው በእነዚያ ዓመታት መካከል ብቻ ነው። የበኵር ልጅ በአባቱ አባት ስም መጠራቱ ልማድ ስለ ነበረ፣ በአንዲት መንደር አምስት የአጎት ልጆች አንድ ስም ከነቤተ ሰቡ መጠሪያ ሲጋሩ፣ የሚለያቸው የአባታቸው ስም ነው፤ ሴትም ባል ብታገባ በመዝገቡ በአባቷ ቤት ስም ትኖራለች። ይህ ሁሉ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬ የመንግሥቱ ቤተ መዛግብት ከእነዚህ ገጾች እጅግ ብዙዎቹን «አንቴናቲ» በተባለው የኢንተርኔት ገጽ ያለ ክፍያ አቅርቧቸዋል። በእነዚህ መዛግብት ዘሩን አስረድቶ የኢጣልያን ዜግነት የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ በመጋቢት 2025 የወጣው ድንጋጌ ግን በውጭ አገር ለተወለዱት መብቱን በአብዛኛው በወላጅና በአያት ወሰነው።

በኢትዮጵያና በኤርትራ ከኢጣልያዊ አባት የተወለዱት ግን ሌላ ችግር አለባቸው። የፋሽስቱ መንግሥት በ1937 ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደነገገ፤ በግንቦት 1940 ደግሞ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን እንዳይቀበልና ስሙን እንዳያወርሰው ከለከለ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በልጁ ስም አጠገብ «ዲ»ም «ፉ»ም የለም። በካቶሊክ ሚስዮን ላደጉት የጥምቀቱ መዝገብ አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ ያለዚያ የሚቀረው እናት የነገረችው ነው፦ አንድ ስም፣ አንድ ሥራ፣ ምናልባት አንድ ከተማ። ከተማይቱ እውነተኛ ከሆነች፣ በዚያ አውራጃ ቤተ መዛግብት ወታደሮች በተወለዱበት ዓመት ተመድበው የተጻፉበት መዝገብ ይገኛል፤ በዚያም የሰውዬው ቁመት፣ የጠጕሩና የዓይኑ ቀለም፣ ጥርሱ ጤነኛ ይሁን የተበላሸ፣ የእጅ ሥራው፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ የዘመተበትም አገር በየዓምዱ ተጽፏል።