ለብቻ የሚሠራ የሺሙር አርክቴክት፦ ሥራው፣ ሂሳቡና ፊርማው

አርክቴክቸር ከሚማሩ ጓደኞቻችን አብዛኞቹ የሚያልሙት አዲስ ሕንጻ ማቆም ነው። ወደ ሺሙር፣ ማለትም ወደ አሮጌ ሕንጻ ጥበቃና ጥገና የሚያዘነብሉት ጥቂት ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ ትልቅ ቢሮ ከመቀጠር ይልቅ የራሳቸውን ትንሽ ቢሮ መክፈት የሚሹ አሉ። ይህን የጻፍነው ለእነሱና ለወላጆቻቸው ነው። ወላጆችን ያነሣነው ልጅ ቢሮ ለመክፈት ብድር ሲጠይቅ ዋስ የሚሆኑት ብዙ ጊዜ እነሱ ስለሆኑ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። በእስራኤል የ1978ቱ የቅርስ ሕግ በዋናነት የሚመለከተው ከ1700 እ.ኤ.አ. በፊት በሰው እጅ የተሠራውን ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የቱርክና የእንግሊዝ ዘመን ቤቶች የሚጠበቁት በግንባታ ሕጉ አራተኛ ተጨማሪ ክፍል ነው፤ እሱም የወጣው በ1991 ነው። ዒሪያው የሚጠበቁትን ሕንጻዎች የሚመዘግበው በዚህ ሕግ ነው። በቴል አቪቭ በ2008 የጸደቀው ፕላን ብቻ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሕንጻዎችን ይዟል። አብዛኞቹ የግል ንብረት ናቸው፤ ሰው ይኖርባቸዋል፣ ልብስ ይሰጣባቸዋል።

ባለቤቱ ለጥገናው ገንዘብ የሚያወጣው ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ሕንጻውን በደንቡ ካደሰ ፎቅ የመጨመር መብት ሊያገኝ ይችላል። ጥብቅ ጥበቃ ባለበት ሕንጻ ላይ ደግሞ መጨመር ስለማይፈቀድ፣ የግንባታ መብቱን ወደ ሌላ ቦታ አዛውሮ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ አርክቴክቱ በሁለት ወገን መካከል ይቆማል፦ ከፋዩ ፎቁን ይፈልጋል፣ ዒሪያው ደግሞ የሕንጻውን ፊትና ደረጃ ይፈልጋል። ይህን መሐል መቆም የማይችል ሰው ሌላ ሙያ ቢመርጥ ይሻላል እንላለን።

ሥራው በንድፍ አይጀምርም። የመጀመሪያው ነገር ቲክ ቲዑድ የሚባለው የሰነድ ፋይል ነው። የሕንጻው ታሪክ ከመዝገብ ቤት ይፈለጋል፣ እያንዳንዱ መስኮትና የበረንዳ ጠርዝ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የቀለሙ ንብርብር አንድ በአንድ እየተፋቀ የመጀመሪያው ቀለም ይታያል፣ ልስኑ ከምን እንደተሠራ ይመረመራል። ግድግዳውን ሳያውቁ መድኃኒት ማዘዝ አይቻልም። የያፎና የዓኮ አሮጌ ቤቶች ከኩርካር ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ኩርካር ቀዳዳማ ስለሆነ እርጥበት ይስባል፣ ይተነፍሳልም። በሲሚንቶ ከተለሰነ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ውስጥ የቀረው ጨው ሲደርቅ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረካክሰዋል። ሲሚንቶው ጠንካራ መስሎ ይቆማል፣ ከኋላው ያለው ድንጋይ ግን ዱቄት ይሆናል። በ1930ዎቹ የቴል አቪቭ ቤቶች ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ አርማታው ውስጥ ያለው ፌሮ ዝጎ ያብጣል፣ ኮንክሪቱንም ሰንጥቆ ይጥላል።

የኖራውና የሲሚንቶው ነገር ከጎንደር ለመጡ ቤተሰቦቻችን እንግዳ አይደለም። የፋሲል ግቢ ቤተ መንግሥቶች በድንጋይና በኖራ የተገነቡ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዳንዶቹ በሲሚንቶና በአርማታ ተጠገኑ። በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ በተሠራው ሥራ ያ ጥገና በአብዛኛው ተነሥቶ በኖራ ተተካ። በዚያ በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት ይሠሩ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ስለዚህ አያቶቻችንን ስለ ኖራ መጠየቅ ጊዜ ማባከን አይደለም።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ፤ ትንንሽ ቢሮዎች የሚዘጉት ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አርክቴክት ገቢው ትንሽ ቢሆንም ዖሴክ ፓቱር መሆን አይፈቀድለትም፤ ከመጀመሪያው ቀን ዖሴክ ሙርሼ ነው። ዋጋ ሲናገር «ሲደመር ማዓም» ብሎ ካልጻፈ ከ2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ግብር ከራሱ ኪስ ይወጣል። ቢቱዋህ ሌኡሚም የሚከፈለው ከራሱ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ብንሠራ 176 ሰዓት ይሆናል። ለኑሮ ከግብር በፊት 12,000 ሸቀል፣ ለቢሮው ወጪ ደግሞ 4,000 ሸቀል ያስፈልገናል እንበል። 16,000ን ለ176 ያካፈለ ሰው ሰዓቱን በ91 ሸቀል ይሸጣል። ነገር ግን ለብቻው የሚሠራ ሰው ስልክ ይመልሳል፣ ዒሪያ ሄዶ ይጠብቃል፣ ደረሰኝ ይጽፋል፣ አዲስ ሥራ ይፈልጋል፤ ለዚህ ማንም አይከፍለውም። ግማሹ ሰዓት እንዲህ ካለቀ ትክክለኛው ዋጋ 182 ሸቀል ነው። በ91 የተዋዋለ ሰው ቀንና ሌሊት እየሠራ ይከስራል።

በሺሙር ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ደንበኛው «ፈቃዱ ሲወጣ እከፍላለሁ» ይላል። ፈቃዱ በእናንተ እጅ አይደለም፤ ኮሚቴው ሊያዘገየው ይችላል፣ ጎረቤት ሊቃወም ይችላል። ክፍያው እናንተ በምታስረክቡት ነገር ላይ ይታሰር፦ ቲክ ቲዑዱ ሲሰጥ ይህን ያህል፣ ፕላኑ ለዒሪያ ሲገባ ይህን ያህል። ቲክ ቲዑዱም የራሱ ዋጋ ይኑረው እንጂ ለንድፉ በነጻ እንደ ምርቃት አይሰጥ። ልስን ሲነሣ ማንም ያልጠበቀው ነገር ስለሚወጣ፣ ለተጨማሪው ሥራ በሰዓት እንደሚከፈል ውሉ ላይ አስቀድሞ ይጻፍ። ሂሳብ አስቀድማችሁ ስትልኩ ኸሽቦን ዒስቃ ይሁን፣ ኸሽቦኒት ማስ ደግሞ ገንዘቡ ሲገባ፤ ያልተቀበላችሁትን ገንዘብ ማዓም ከመክፈል ያድናችኋል። ለእናንተ እንደሚሠራ ግን ሮኤ ኸሽቦን ጠይቁ።

ፊርማውን በተመለከተ፣ ዲግሪ የያዘ ሰው መዝገብ ላይ ይገባና ራሹም ይባላል። ራሹም የሚፈርመው ሕጉ ቀላል በሚላቸው ሕንጻዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ለመፈረም የልምምድ ዓመታትንና ፈተናን አልፎ ራሹይ መሆን ያስፈልጋል። ለብቻ መሥራት ማለትም ሁሉን ለብቻ ማወቅ አይደለም። የአርማታው ጥንካሬ የመሐንዲስ ጉዳይ ነው፣ ልስኑን የሚያውቀው ደግሞ ጥሩ የእጅ ባለሙያ ነው። የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው ክሱ በቀረበበት ጊዜ ውሉ ካለ ነው። ስለዚህ ቢሮው ከተዘጋ በኋላም ለጥቂት ዓመታት መቀጠል አለበት፤ ይህን ወጪ ከወዲሁ አስቡት።

ለወላጆች የምንለው አንድ ነገር ነው። ቤታችሁን ለቢሮ ብድር ዋስ አታድርጉ። ይህ ሥራ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ክፍያ እስኪገባ የሚያኖር የስድስት ወር ቁጠባ ነው፤ እሱም በሌላ ቢሮ ተቀጥሮ እየተማሩ የሚጠራቀም ነው።

ገና የምትማሩ ደግሞ እስከዚያ አንድ አሮጌ ቤት ምረጡ። የቴል አቪቭ ዒሪያ የሕንጻ ፋይሎች በኢንተርኔት ይታያሉ፤ የመጀመሪያውን ፕላን አውጡና ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ፕላኑና ቤቱ የማይገጥሙበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ።