ተረትና እውነታ፦ የሸርጣን ብረትና የባሕር ብክለት

በሸርጣን ሥጋ ውስጥ ካድሚየም ወይም መዳብ ከፍ ብሎ ሲገኝ ብዙ ሰው የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ባሕሩ ተበክሏል። ቁጥሩ ሲወርድ ደግሞ ውሃው ጸድቷል ይባላል። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። በጃፓን ሚናማታ ከተማ አንድ ፋብሪካ ወደ ባሕር የለቀቀው ሜርኩሪ በዓሣና በዛጎል ለበስ እንስሳት አልፎ ሰዎችን መመረዙ፣ ሕመሙ በ1956 እ.ኤ.አ. በይፋ ከታወቀ በኋላ ተረጋግጧል። ይሁን እንጂ ከዚያ መከራ የተገኘው ትምህርት ያለ ቦታውም ይጠቀሳል። ሸርጣን፣ ሽሪምፕና ሎብስተርን የመሳሰሉ ቅርፊት ለበስ እንስሳት አካላቸው ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። ስለዚህ በውስጣቸው የተለካ ቁጥር፣ ወቅቱና የተለካው የአካል ክፍል ካልታወቀ፣ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

የመጀመሪያው ተረት “ብረት የተገኘበት እንስሳ የተመረዘ ነው” የሚለው ነው። እውነታው ግን መዳብ የሌለው ሸርጣን በሕይወት አይኖርም። የእኛ ደም ኦክስጅን የሚሸከመው አይረን በሚባለው ብረት ሲሆን፣ የሸርጣን ደም ግን በመዳብ ነው፤ ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዚንክም ለብዙ ኢንዛይሞቹ ያስፈልገዋል። ሸርጣንና ሽሪምፕ የእነዚህን የሁለቱን መጠን በተወሰነ ደረጃ ራሳቸው ይቆጣጠራሉ። ካድሚየም ግን በአካላቸው የታወቀ ሥራ የለውም፤ ሲገባ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በተለይ ቡናማ ሥጋ በሚባለው የምግብ መፍጫ ዕጢ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ሁሉንም ብረት በአንድ ሚዛን መመዘን ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ተረት “ቁጥሩ ከወር ወር ከተለወጠ ብክለቱም ተለውጧል” ይላል። የላቦራቶሪ ውጤት ግን የብረቱ መጠን ለሥጋው ክብደት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ወጥ እሳት ላይ ቆይቶ ሲመጥ፣ ጨው ሳይጨመርበት ጨው እንደሚበዛበት ሁሉ፣ የሸርጣኑ የምግብ መፍጫ ዕጢ የስብ ክምችቱን ለእንቁላል ወይም ለአዲስ ቅርፊት ሲያውል ክብደቱ ይቀንሳል፤ አንድ ሚሊግራም ካድሚየም ሳይጨመር ቁጥሩ ይወጣል። ቅርፊቱን በጣለ ማግሥት ደግሞ እንስሳው ውሃ ስለሚሞላ ቁጥሩ ሊወርድ ይችላል። ባሕሩም ራሱ ወቅት አለው። ዝናብ የወንዝ አፍን ጨው ሲያቀልል፣ ከጨው ጋር ተያይዞ የነበረው ካድሚየም ነፃ እየሆነ ወደ እንስሳው በቀላሉ ይገባል። በኦማን ጠረፍ በክረምቱ ነፋስ ጊዜ ጥልቁ ውሃ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ከንጥረ ምግቡ ጋር የተፈጥሮ ካድሚየም ይዞ ይመጣል፤ እርሱንም ዋቅላሚዎች ወስደው ለሚበሏቸው ያስተላልፋሉ።

እዚህ ላይ “ይህ አባባል ለበካዮች ማምለጫ አይሆንም ወይ?” የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ተቃራኒው ነው። ወቅትን ያላገናዘበ ክትትል ነው ለበካይ የሚመቸው፤ ከፍ ያለውን ቁጥር “ወቅቱ ነው” ብሎ ለማስተባበል በር ይከፍታል። ናሙናው በየዓመቱ በአንድ ወቅት፣ ከተመሳሳይ ጾታና መጠን፣ ከአንድ የአካል ክፍል ከተወሰደ ማስተባበያው ይዘጋል። ሌላው ተቃውሞ “ምንጩ ተፈጥሮ ከሆነ አይጎዳም ማለት ነው” የሚለው ነው። ይህም አያስኬድም። በኖርዌይ ከሳልትፊዮርድ በስተሰሜን በተያዙ ቡናማ ሸርጣኖች ከፍተኛ ካድሚየም በመገኘቱ፣ በአካባቢው ይህን ሁሉ የሚያብራራ የፋብሪካ ብክለት ባይታይም፣ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣኑ ሕዝቡ እንዳይበላቸው መክሯል። ካድሚየም ከየትም ይምጣ በሰው ኩላሊት ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቀመጣል።

ሦስተኛው ተረት “ሲቀቀል ይጠፋል” የሚል ነው። ብረት በሙቀት አይጠፋም። እንዲያውም ሙሉ ሸርጣን ሲቀቀል ወይም በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ካድሚየሙ ከቡናማው ሥጋ ወደ ነጩ ሊፈስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለጥፍርና ለእግር ነጭ ሥጋ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ካድሚየም ሲሆን፣ ቡናማውን ሥጋ አይመለከትም። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2009 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሳምንታዊ ገደብ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 2.5 ማይክሮግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 150 ማይክሮግራም ማለት ነው። ስለዚህ በአውሮፓም ሆነ በገልፍ አገሮች ሸርጣን የምትገዙ ወገኖች ነጩን ሥጋ ምረጡ፣ ቡናማውን አታዘውትሩ። ስለ ባሕር ብክለት የሚወጣ ቁጥር ስታነቡም የትኛው ብረት፣ ከየትኛው የአካል ክፍል፣ በየትኛው ወቅት ተለካ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የማይመልስ ዘገባ ለማንቂያም ለማጽናኛም አይበቃም።