ያረጀ ላፕቶፕና የሳሎኑ ዳንቴል

«ኢንተርኔት ሲጠፋ ሰርቨር ምን ይሠራል?» ደብረ ታቦር ላይ አሮጌ ላፕቶፕን የቤት ፊልም ሰርቨር ስለማድረግ ካወራችሁ ይህን ጥያቄ አታመልጡትም። በ2015 ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ላየ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰርቨሩ የሚጠቅመው ግን ያኔ ነው። ራውተሩ ስልኩን፣ ቲቪውንና ላፕቶፑን የሚያገናኘው እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ መስመር ቢኖርም ባይኖርም ፊልሙ ይሄዳል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አንዴ፣ ፕሮግራሙን ለመጫን ነው። እኔ የምመርጠው ጄሊፊንን ነው፤ ነጻ ነው፣ አካውንቱም የሚከፈተው በራስ ማሽን ላይ ነው። በስልኩ ብሮውዘር ላይ የላፕቶፑን አድራሻ፣ ለምሳሌ 192.168.1.5:8096 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ጄሊፊን የፊልሞቹን ፖስተር ግን ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ መስመር ከሌለ ፖስተር የለም። የአማርኛ ፊልሞቻችን ብዙዎቹ መስመር እያለም አይገኙለትም፤ ስለዚህ ፋይሉን በወጉ ሰይሙት።

«ቀን ከሌት በርቶ ቆጣሪውን ይጨርሰዋል» የሚሉም አሉ። ስክሪኑ የጠፋ ላፕቶፕ 15 ዋት ቢበላ በወር 11 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። የሰርቨሩ የወር ፍጆታ እንግዲህ የሦስት ሰዓት እንጀራ ጋገራ መሆኑ ነው።

«አሮጌ ማሽን ፊልም አይችልም» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ ሰርቨሩ ፋይሉን ያቀብላል እንጂ አያጫውትም። የሚጨነቀው ቲቪው የማያውቀውን ፎርማት ሲለውጥ ብቻ ነው። ኤች 264 የሆነ ኤምፒ4 ካስቀመጣችሁ 4 ጊጋባይት ራም አያንሰውም።

«ባትሪው ስለሞተ አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር ግማሹ ትክክል ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ሃያ ደቂቃ የሚቆይ ደካማ ባትሪ እንኳ ላፕቶፑን በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል፤ ዴስክቶፕ ይህ ዕድል የለውም። ራውተሩ ግን አብሮ እንደሚጠፋ ብዙ ሰው ይረሳል። ቅንብሩ ካለው ቻርጁን 80 በመቶ ላይ ገድቡት። ታችፓዱ ተነፍቶ ከተነሳ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ካልተኛ ግን ባትሪው አብጧል፤ ያን ጊዜ ይውጣ።

«አገሩ ደጋ ነው፣ አይግልም» ይባላል። ከተማው 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ቅዝቃዜው ቢረዳም አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን እምብዛም አይሸከምም። የሃርድ ዲስክ ጭንቅላት የሚንሳፈፈውም በአየር ላይ ስለሆነ አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ብቻ ዋስ ይሆናሉ። ደብረ ታቦር ያልፋል፤ ጉና ተራራ አናት ላይ ግን አልሞክረውም። እንዲያውም ማሽኑን የሚያግለው ዳንቴሉ ነው። ቲቪ እንደምንሸፍነው ላፕቶፑንም ሸፍነን አየር ማስወጫውን እንደፍናለን፤ ከዚያ «ይሞቃል» እንላለን።

ዳንቴሉን አንሱለት። የነሐሴ 13ን የቡሄ ቪዲዮ ደግሞ፣ ማሽኑ ቢበላሽ እንዳይጠፋ፣ ሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጣችሁ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።