ገብሱ ሽቅብ ሲወጣ፦ ቀይ ቀበሮና የደጋው እርሻ

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በዓለም የትም የለም። በዱር የቀረው 500 ያህል ብቻ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው በባሌ ተራሮች ይኖራል፤ ሌላው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ከፍታዎች ላይ ተበታትኖ ይገኛል። መኖሪያው ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው፣ ውርጭ የሚባለው አገር ነው። ውርጩ ግን ባዶ አገር አይደለም፤ ገበሬ ያርስበታል፣ እረኛ ከብት ያሰማራበታል። ቀበሮው የትኛውን መሬት ይመርጣል፣ የትኛውን ይታገሣል፣ ከየትኛው ጨርሶ ይጠፋል? በዘርፉ የተሠሩት ጥናቶች ከሞላ ጎደል የሚያጠነጥኑት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

መልሱ የሚጀምረው ከሆዱ ነው። በባሌ በተደረጉ ጥናቶች ከሚበላው ውስጥ 96 በመቶ ያህሉ አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው በባሌ፣ በዌብ ሸለቆና በሳነቴ አምባ፣ ግዙፉ ፍልፈልና የሣር አይጦች በሚርመሰመሱበት ሜዳ፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ቀበሮ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይገኛል። የአንድ መንጋ ግዛትም ወደ 6 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠባል። አይጥ በሳሳበት ስፍራ ግዛቱ ከእጥፍ በላይ ይሰፋል። መንጋው ግዛቱን በጋራ ይጠብቃል፤ አደኑ ግን የየግል ነው። ጠዋት አብረው ድንበራቸውን የቃኙ ቀበሮዎች ቀኑን ለየብቻቸው ከጉድጓድ ጉድጓድ ሲያደቡ ይውላሉ።

ብዙ ሰው ቀበሮውን የሚያሳድደው የሰውና የከብት መኖር ይመስለዋል። ሜዳ ላይ የሚታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በባሌ ቀበሮው በከብት መንጋ መካከል እየተሹለከለከ ያድናል፤ አይጡ ከላሞቹ እግር መካከል የሚመጣበትን አይለይም። በመንዝ ጓሳ ደግሞ ከጭላዳ ዝንጀሮዎች ጋር ይውላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ያደነ ቀበሮ ከሙከራዎቹ 67 በመቶው ሲሠምርለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሠምርለት 25 በመቶው ብቻ ነው። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ እያለ አይነካም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው አውሬ ከእረኛ ጋር መኖር አይከብደውም ባይ ነኝ። ሰው በሚያውከው ስፍራ፣ ለምሳሌ በሰሜን ተራሮች፣ የቀን አዳኝነቱን ትቶ ወደ ማታና ወደ ንጋት ማዘንበሉም ታይቷል። ከብቱ ሲበዛና ሣሩ ሲመለጥ ግን አይጡ መሸሸጊያ ያጣል፤ ስለዚህ ግጦሹም ልክ አለው።

እርሻው ግን ሌላ ነገር ነው። ማረሻ የፍልፈሉን ጉድጓድ ይገለብጣል፣ ጓሳ የተባለውን ሣር ይነቅላል፣ የቀበሮውንም ዋሻ ይደፍናል። ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው የአገሪቱ መሬት 60 በመቶ ያህሉ ወደ እርሻ መቀየሩ ይገመታል። ገብስ ብርድ ስለሚችል፣ ታች ያለው መሬት የጠበበው ገበሬ ሽቅብ ይዞት ይወጣል። ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ ልጆቹ ሲበዙና ማሳው ሲያንስ የቀረው ሽቅብ ያለው ብቻ ነው። ቀበሮው ግን ከጫፍ በላይ የሚወጣበት የለውም። ከጎጃሙ ጮቄና ከጉና ተራራ ጨርሶ ጠፍቷል።

ስፔንን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። በካስቲያ የእህል ሜዳዎች የአውሮፓው ግራጫ ተኩላ በታረሰ አገር መሐል ይኖራል፤ በበጋ የቆመ አዝመራ ይሸሽገዋል፣ የሞተ ከብትም ይመግበዋል። ያገኘውን የሚበላ አውሬ በማሳ መካከል መላ አያጣም፤ ከሞላ ጎደል በአይጥ ብቻ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ግን ይህ አማራጭ የለውም።

በእኛው ተራሮች ይህን አማራጭ የያዘ ሌላ ዘመድ አለ፤ ሰው በደፈናው ቀበሮ የሚለው የአፍሪካ ተኩላ። ቀደም ሲል ከእስያው ወርቃማ ጃካል ጋር አንድ ዝርያ ይባል ነበር፤ የዘረ መል ጥናቶች የራሱ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠዋል። በጓሳ ሁለቱን ጎን ለጎን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ ቀይ ቀበሮ ያልተነካውን ጓሳ ሲይዝ የአፍሪካው ተኩላ በማሳና በመንደር ዳርቻ እንደሚያዘወትር፣ ሲገናኙም በአብዛኛው የሚያባርረው ቀይ ቀበሮ እንደሆነ አይተዋል። እርሻው በገፋ ቁጥር ግን የሚሰፋው የዳርቻው ነዋሪ አገር ነው።

ከእርሻው ጋር ውሻም ይመጣል፤ ከውሻው ጋር በሽታ። በባሌ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ተነሥቷል። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ የዌብ ሸለቆ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አልቀዋል። ከወረርሽኙ በኋላ ቁጥሩን መልሶ ያነሣው ሰፊ፣ ያልታረሰና አይጥ የሞላው ሜዳ መኖሩ ነው። በጠባብ ተራራ ላይ ያሉ ጥቂት መንጋዎች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ከሌላ ተራራ የሚመጣላቸውም የለም፤ መካከሉ እርሻና መንደር ነው። ለዚህ ነው በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በየመንደሩ ውሾችን ሲያስከትብ የቆየው፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም ክትባቱን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀበሮዎቹ ማቅረብ የተጀመረው።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው የመንዝ ጓሳ ነው። 111 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ይህን ስፍራ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው የገበሬው የቄሮ ሥርዓት ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ባለመብቶቹ ያጭዳሉ። ጓሳው የቤት ክዳን፣ ገመድና የዝናብ ልብስ ስለሚሆን ማረሱ ለመንዜው ኪሳራ ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ ግን ነዋሪው ራሱ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራነት መልሶ አቋቋመው። ዛሬ የአካባቢው ሰዎች ጓሳውን ይጠብቃሉ፤ ከሚታጨደው ሣርና ከሚመጣው ጎብኚም ገቢ ያገኛሉ። ቀበሮዎቹም እዚያው እያደኑ ይኖራሉ።