ስለ ቅን ፍርድና ስለ እስረኛ መታረም

ፍርድ ማለት የበደለውን ከተበደለው ለይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ነው። ፍርድ ቅን የሚባለው ዳኛው ለሁሉ አንድ ሚዛን የያዘ እንደ ሆነ ነው። ነጋዴ ሲገዛ በትልቅ መስፈሪያ፥ ሲሸጥ ግን በትንሽ መስፈሪያ ቢሰፍር ሌባ ይባላል። ዳኛም ለዘመዱ አቅልሎ፥ ለባዕድ አክብዶ ቢፈርድ ከዚያ ነጋዴ አይሻልም።

ነገር ግን አንድ ሚዛን ማለት ለሁሉ አንድ ዓይነት ቅጣት ማለት አይደለም። ለምሳሌ በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ አገር፥ ቡና በሚለቀምበት ወራት፥ ሁለት ሰዎች ሰርቀው ዳኛ ፊት ቢቀርቡ፥ አንደኛው ልጆቹ ተርበውበት ከጎረቤቱ ማሳ አንድ ቅርጫት እሸት ቡና የለቀመ ነው፤ ሲያዝም አልካደም፥ የወሰደውንም መልሷል። ሁለተኛው የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ገበሬዎች አምነው ያስቀመጡትን ብዙ ጆንያ ጀንፈል ከግብረ አበሮቹ ጋራ በሌሊት ጭኖ ሸጧል። የሁለቱም ሥራ ስርቆት ነው፤ ሁለቱም ይቀጣሉ። ሆኖም ቅጣታቸው እኩል ቢሆን ፍርዱ ይጎድላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ይህን ልዩነት ያውቃል። ችግር፥ ቀድሞ የነበረ መልካም ጠባይና እውነተኛ ጸጸት ቅጣትን ያቀልላሉ፤ አደራን መብላትና ከሌሎች ጋራ መዶለት ቅጣትን ያከብዳሉ። ዕድሜም ይታያል። 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይቀጣም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም እንዲታረም ይደረጋል እንጂ እንደ ዐዋቂ አይፈረድበትም።

ዳኞችም ሰዎች ናቸውና አሳባቸው ይለያያል። በአንድ ዓይነት በደል አንዱ ዳኛ 2 ዓመት፥ ሌላው ዳኛ 7 ዓመት ቢፈርድ፥ የተፈረደበት ሰው የተቀጣው በጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ደግሞ በዕድሉ ነው ያሰኛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ልዩነት ለማጥበብ በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ አሻሻለው።

ቅን ፍርድ ከሌለ ምን እንደሚደርስ የማጂ አገር ታሪክ ያስተምራል። ማጂ ዛሬ በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በምዕራብ ኦሞ ዞን ውስጥ ትገኛለች። የአፄ ምኒልክ ጦር በ1890 ዓ.ም. ገደማ ወደዚያ ከደረሰ በኋላ የዲዚ ገበሬዎች ለወታደሮችና ለሹማምንት ገባር ሆነው ተደለደሉ። ብዙ ሰዎችም ተይዘው በባርነት ተሸጡ። ሹሙ ገዢም ዳኛም ነበረና፥ ገባሩ በሹሙ ቢበደል የሚከስሰው በዚያው በበደለው ሰው ፊት ነበረ። ከሳሽ በበደለኛው ፊት ቆሞ ፍርድ ከጠየቀ ምን ያገኛል? ባርነት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዳኛ ከሁለቱ ወገን የማይወግን ሌላ ሰው ሊሆን ይገባል።

የጥንት ቅጣትም ብርቱ ነበረ። የሌባ እጅና እግር ይቈረጥ ነበር። ገዳይም ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ እነርሱ ከፈቀዱ የደም ካሳ ተቀብለው ይተዉታል። ስለዚህ ባለጸጋ በገንዘቡ ሊድን ሲችል፥ ድኻ ግን የሚከፍለው ስላጣ ነፍሱን ይሰጥ ነበር። እጁ የተቈረጠው ሰውስ ቢጸጸት በምን እጁ ያርሳል? በምን እጁ ቡና ይለቅማል? እንዲህ ያለው ቅጣት ሰውየውን ይጎዳዋል እንጂ አያርመውም።

ስለ እስር ቤት ስምም የሚነገር ታሪክ አለ። ወህኒ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የንጉሥ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ የሚታሰሩበት አምባ ነበረ። ወህኒ ቤት የሚለውም ስም ከዚህ አምባ እንደ መጣ ይነገራል። እነዚያ ልዑላን የታሰሩት በመወለዳቸው እንጂ በበደላቸው አልነበረም። ዛሬ ግን እስር ቤት በሕግ ማረሚያ ቤት ይባላል። ማረም የሚለው ቃል ለገበሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። ገበሬ ማሳውን ሲያርም አረሙን ይነቅላል፥ ቡናውን ግን ያተርፋል። አረሙን ጠልቶ ቡናውን አብሮ የሚነቅል ቢኖር ሰነፍ ይባላል። እንደዚሁም የቅጣት ቁም ነገር ክፉውን ጠባይ ነቅሎ ሰውየውን ማዳን ነው።

ለዚህ ከተሠሩት መንገዶች አንዱ አመክሮ ነው። በአመክሮ መፈታት በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ውስጥ ተጽፏል፤ የ1996ቱም ሕግ አጽንቶታል። በዚህ ሕግ መሠረት ከእስራቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ የፈጸመ እስረኛ በአመክሮ ሊፈታ ይችላል። 9 ዓመት የተፈረደበት 6 ዓመት ሲፈጽም ማለት ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት 20 ዓመት መፈጸም አለበት። ነገር ግን ቀን መቍጠር ብቻውን አይበቃም። እስረኛው በሥራውና በጠባዩ መታረሙን ማሳየት አለበት፤ ለበደለውም ሰው ዓቅሙ በፈቀደ መጠን ካሳ መክፈል አለበት። የሚፈታውም ፍርድ ቤት ሲፈቅድ ነው። ከተፈታም በኋላ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ይፈተናል፤ ዳግመኛ ቢያጠፋ ወደ እስሩ ሊመለስ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ለበደለኛ ይህን ያህል መራራት ተበዳዩን መርሳት ነው» ይላሉ። ነገሩ ሊናቅ አይገባም። የዓመት ልፋቷን በአንድ ሌሊት የተሰረቀች ባልቴት ፍርድ ይገባታል፤ ካሳም ይገባታል። ስለዚህ ነው ሕጉ ካሳን ከመፈታት ጋራ ያያያዘው። ደግሞም ሳይታረም የወጣ ሌባ ነገ የሌላይቱን ባልቴት ቡና ይሰርቃል። ታርሞ የወጣ ግን ለሁለቱም ጎረቤት ይሆናል።

ሰው የሚታረመው በሰውነቱ ሲከበር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የታሰረ ሰው ክብሩ እንዲጠበቅ፥ የትዳር ጓደኛው፥ ዘመዶቹ፥ የሃይማኖት አባቱ፥ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጠይቁት ይፈቅዳል። በማረሚያ ቤቶች ፊደል የሚቈጥሩ፥ ሽመናና የእንጨት ሥራ የሚማሩ እስረኞች አሉ። ሆኖም በብዙ ስፍራ እስረኞች ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ትምህርቱ ለሁሉ አይዳረስም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ስለ እስረኞች አያያዝ የተጻፈውን ደንብ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. አሻሽሎ በኔልሰን ማንዴላ ስም ሰየመው። ማንዴላ በፈረንጅ 1962 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በኮልፌ የጦር ትምህርት የተማረ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በአገሩ 27 ዓመት ታስሮ ከተፈታ በኋላ በቀልን ትቶ የአገሩ መሪ ሆነ።

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና ግን የሚጀምረው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል። ቅጣቱን ጨርሶ ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው በለቀማ ወራት ሥራ ቢጠይቅ፥ የቡናው ባለቤት «አንተ ሌባ» ብሎ ቢያባርረው፥ ጎረቤቱም ቡና ሲያፈላ ባይጠራው፥ ልጆቹም በትምህርት ቤት «የእስረኛ ልጅ» ተብለው ቢሰደቡ፥ ዳኛው ያልፈረደውን ሁለተኛ ቅጣት መንደሩ ፈረደበት ማለት ነው። እንጀራ ያጣ ሰውም ቀድሞ ወደሚያውቀው መንገድ ቢመለስ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ቢል ሌላው እጁን ይሰበስባል። ይህ ቃል የተናደደውን ከመማታት ያስቆማል። ቅጣቱን በፈጸመው ሰው ላይ ምላስ ሲበረታም ይኸው ቃል ሊታሰብ ይገባል። ብልህ ተማሪ ነገር ሳይሰማ አይፈርድም፤ ለወዳጁም አያዳላም፤ ያጠፋውን ጓደኛውን ጥፋቱን ይነግረዋል እንጂ በጥፋቱ ስም አይጠራውም። እንዲህ ያለ ልጅ አድጎ ዳኛ ቢሆን ቅን ይፈርዳል፤ ገበሬም ቢሆን ለተመለሰው ሰው ቅርጫት ይሰጠዋል።