ሳተላይቱ የሚያየው የደመናውን ጣሪያ ነው

ኅዳር ላይ በምንጃር፣ አረርቲ አካባቢ የታጨደው ጤፍ ገና ሳይከመር ማሳ ላይ ይሰነብታል። በዚህ ሰዓት የምትጥል አንዲት ያልታሰበች ዝናብ የምንጃርን ነጭ ጤፍ ቀለም ታበላሻለች፤ ቀለሙ የጠፋ ጤፍ ደግሞ ገበያ ላይ ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ “ሳተላይት ዝናብ የለም ብሏል” የሚለው እዚህ ተራ ወሬ አይደለም። እሱን አምኖ መከመሩን ያዘገየ ገበሬ ይከስርበታል። ዝናቡ ሲወርድ “ሜትሮሎጂ ዋሸ” ይባላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ማስጠንቀቂያም እውነተኛ ሆኖ ሳለ ሰሚ ያጣል።

እምነቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቴሌቪዥን ላይ ትንበያ አቅራቢው ከደመና ምስል ፊት ቆሞ ሲናገር፣ ሳተላይቱ ነገን አይቶ የነገረው ለመሰለው ተመልካች አይፈረድበትም። የሚፈረድባቸው ቀይና ቢጫ የተቀባ ምስል በቴሌግራም እየለጠፉ “በሳተላይት ተረጋግጧል” የሚሉት ናቸው። ምኑ ነው የተረጋገጠው? ቀለሙን እንኳ የቀባው ምድር ላይ ያለ ኮምፒውተር ነው።

የአውሮፓውያኑን ሳተላይት ሜቴኦሳት 9ን እንውሰድ። በ2014 ዓ.ም. ከምድር ወገብ በላይ፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በ45.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሥራ ጀመረ። ለኢትዮጵያ ከዚህ የተሻለ ማማ አይገኝም። በየ15 ደቂቃው ምስል ያነሳል፤ ነገር ግን በሙቀት ምስሉ ላይ አንዷ ነጥብ ከ900 ሄክታር የማያንስ መሬት ትሸፍናለች። አረርቲን ያበሰበሰች ዶፍ ጎረቤት ቀበሌ ሳትደርስ እንደምትቀር ለምንጃር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ይህ ሳተላይት ዝናቡን ራሱን አያይም፤ የሚለካው ከደመናው አናት የሚወጣውን ሙቀት ነው። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ደመናው ረጅም ነው፣ ረጅም ከሆነ ሊዘንብ ይችላል፤ ስሌቱ ይኸው ነው። ሰማይ ጥግ ላይ የተበተነ ላባ መሰል ደመና እጅግ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ጠብ አይልለትም። ተራራ ሽቅብ የገፋው አጭር ደመና በበኩሉ አናቱ ሳይቀዘቅዝ ያዘንባል። ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ በሚያቆለቁል አገር ይህ ቀላል ስህተት አይደለም። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ኢናክትስ በተባለው ሥራ የሳተላይት ግምትን ከጣቢያዎች የዝናብ መለኪያ ጋር ያዋሃደውም ለዚሁ ነው።

ነገን የሚተነብየው ደግሞ የሳተላይት፣ የጣቢያና የፊኛ መረጃ ገብቶለት የሚያሰላ ኮምፒውተር ነው። ውጤቱም ዕድል ነው፤ “የመዝነብ ዕድሉ አነስተኛ ነው” ማለት “አይዘንብም” ማለት አይደለም።

የቀሩት ተረቶች ብዙ አያደክሙም። ሳተላይት በሌሊት አይታወርም፤ ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ፀሐይ አይፈልግም። አንድ ቦታ ተሰቅሎም አልቀረም፤ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከምድር ጋር እኩል ይዞራል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የአገራችን ሳተላይትም የተሠራችው መሬቱን ፎቶ ለማንሳት እንጂ ለዝናብ ትንበያ አልነበረም።

“ዝናቡን ያስቀረው ሳተላይት ነው” የሚሉም አሉ። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ደመና ስለማበልጸግ ሲናገር ሁለቱ ተደበላልቀው ሊሆን ይችላል። ያ ግን ደመናው ውስጥ ቅንጣት የሚረጭበት ሥራ ነው። ሜቴኦሳት ብርሃንና ሙቀት ከመቀበል በቀር ወደ ደመናው የሚልከው ነገር የለም፤ እሱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ፣ የኛ ደመና ቢረዝም ቢረዝም 20 ኪሎ ሜትር አያልፍም።