የተጣበቁ ጣቶች እንዴት ይለያያሉ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ጣቶቹ የተጣበቁ ሕፃን ሲወለድ «እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ነው?» ብሎ እናቲቱን የሚጠይቅ አይጠፋም። ያየችው ነገር ግን ጣት አያጣብቅም። የፅንስ እጅ ሲጀምር ጠፍጣፋ ነው። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ በጣቶቹ መካከል ያሉት ሕዋሳት በተፈጥሮ ሥርዓት እየሞቱ ቦታ ይለቃሉ፤ ይህ ሳይሟላ ሲቀር ጣቶቹ እንደተያያዙ ይቀራሉ። ከ2,000 እስከ 3,000 ከሚሆኑ ልጆች በአንዱ ያጋጥማል፤ አንዳንዴም በዘር ይወረሳል።

የሚያገናኛቸው ቆዳ ብቻ ከሆነ መቁረጥ ምን ይከብዳል? ሁለት እርሳስ አጠጋግታችሁ በወረቀት ጠቅልሉ። ያንኑ ወረቀት ለሁለት ቆርጣችሁ እያንዳንዱን እርሳስ ለየብቻ ለመጠቅለል ብትሞክሩ አይበቃም። የተለያዩት ጣቶች ዙሪያ ከተጣበቁት በ22 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሐኪሙ ጉድለቱን ብዙ ጊዜ ከብሽሽት በሚወስደው ቆዳ ይሞላል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቆዳ ጠባሳው ሲያጥር ጣቱን ስለሚያጎብጥ፣ የሚቆርጠውም በዚግዛግ ነው። ሦስት ጣቶች ከተጣበቁ ደግሞ የመካከለኛው ሁለት ጎን በአንድ ቀን አይነካም፤ ደም ሊያጣ ይችላል።

አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ዕድሜ ይሠራል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት፣ ወይም አውራ ጣትና አመልካች ጣት ከተያያዙ ግን «ትንሽ ይደግ» ማለት ይጎዳል። እኩል ስለማያድጉ አጭሩ ረጅሙን እየጎተተ ያጣምመዋል፤ 6 ወር አካባቢ መለየት ይሻላል።  

የመጀመሪያው በር የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው፤ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አጥንቱም መያያዝ አለመያያዙ በራጅ ይታያል። ሪፈር ከተጻፈ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልና የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል አሉ። እንደኔ እንደኔ፣ መርዳት የሚፈልግ ዘመድ ከሁሉ በፊት ማደሪያውን ያስብ፤ ቁስሉን ለማሳየትና ፋሻ ለማስቀየር እናትና ልጅ ደጋግመው መመላለሳቸው አይቀርም። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ስለሚወስድም ሳል ወይም ትኩሳት ከያዘው ቀጠሮው ሊራዘም ይችላል፤ ከመሳፈር በፊት ደውሎ መጠየቅ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ያድናል።